ኤሌክትሪክ ወዳድ፣ ድምፅ ፈሪ

በመጋቢት ወር 1922 ሌቭ ቴርሚን የሚባል የ25 ዓመት የፔትሮግራድ የፊዚክስ ባለሙያ ሁለት ዕቃ ይዞ ክሬምሊን ገባ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። አንደኛው ሳይነኩት የሚጫወቱት የሙዚቃ መሣሪያ ነበር። ተጫዋቹ እጁን ወደ አንዱ አንቴና ሲያስጠጋ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲያርቅ ይወፍራል፤ በሌላኛው አንቴና ደግሞ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ሁለተኛው ዕቃ ሰው ሲጠጋው የሚጮህ የጥበቃ ደወል ነበር። ሌኒን ሁለቱንም አየ። የሙዚቃ መሣሪያውን ራሱም ሞከረው፤ ቴርሚን መጀመሪያ እጁን ይዞ መራው፣ ከዚያ ለቀቀውና መሪው የግሊንካን አንድ ዜማ በራሱ ተጫወተ። ብዙም ሳይቆይ ወጣቱ በየከተማው እየዞረ ለሕዝብ እንዲያሳይ የባቡር ማለፊያ ተሰጠው።

የሁለቱ ዕቃዎች ሆድ ዕቃ አንድ ነው። የሰው ገላ ወደ አንቴና ሲጠጋ የመሣሪያውን የኤሌክትሪክ ንዝረት ይለውጠዋል። ለውጡ ወደ ድምፅ ማጉያ ከሄደ ዜማ ይሆናል፣ ወደ ደወል ከሄደ ዘበኛ ይሆናል። የሶቪየት ኅብረት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ከዚያ በኋላ 70 ዓመት ያህል ዘልቋል፤ በነዚያ ዓመታት ሁሉ ዜማውና ዘበኛው ከአንድ ቤት ወጥተው አያውቁም።

ስለዚህ ታሪክ ሁለት ዓይነት ወሬ ይነገራል። በምዕራቡ ዓለም የሚወደደው ነፃ ጥበብ ተወልዶ በአምባገነን ተረገጠ የሚለው ነው። በሩሲያ ደግሞ ሁሉንም የጀመርነው እኛ ነን፣ ዓለም ረሳን የሚል ቁጭት አለ። ሁለቱም እውነት ያዘለ ነገር አላቸው፤ ሁለቱም ግን ዋናውን ጥያቄ ያልፉታል። መንግሥት ይህን ሙዚቃ በስሙ ጠርቶ ያገደበት አዋጅ የለም። እንደ ሙዚቃ የወደደበት ጊዜም ጥቂት ነው። ሙዚቃው የኖረው ሁልጊዜ በሌላ ነገር ፈቃድ ነው፦ አንዴ በኤሌክትሪክ ዘመቻ፣ አንዴ በፊልም፣ አንዴ በጠፈር፣ በመጨረሻም በስፖርት። ፈቃዱ ሲያልቅ ሙዚቃውም አብሮ ያልቃል።

የመጀመሪያው ፈቃድ ኤሌክትሪክ ነበር። በ1920 አገሪቱን በሙሉ የኤሌክትሪክ ተጠቃሚ የማድረግ ታላቅ ዕቅድ ወጥቶ ነበር፤ አብዛኛው ገበሬ ግን አምፖል እንኳ አይቶ አያውቅም። ከአየር ላይ ዜማ የሚያወጣ ሰው ለዚህ ዕቅድ ከመቶ ካድሬ የበለጠ ሰባኪ ነው። ያ ዘመን እብደት የሚፈቀድበት ነበር። አቀናባሪው አርሴኒ አቭራሞቭ በኅዳር 7 ቀን 1922፣ በአብዮቱ አምስተኛ ዓመት፣ የባኩን ከተማ በሙሉ ኦርኬስትራ አደረጋት፤ የፋብሪካ ሳይረን፣ የካስፒያን መርከቦች ጡሩምባ፣ የባቡር ፉጨት፣ መድፍና መዘምራን በአንድ ላይ ተሰሙ። ይኸው ሰው ፒያኖዎች ሁሉ ይቃጠሉ የሚል ሐሳብ ለትምህርት ኮሚሳሩ ለሉናቻርስኪ አቅርቦ ነበር ይባላል። ምክንያቱ ጥላቻ ብቻ አልነበረም። ፒያኖ አንዱን ስምንትዮሽ (ኦክታቭ) በ12 እኩል ደረጃ ከፋፍሎ ጆሮን አስሮታል፣ በደረጃዎቹ መካከል ያለው ድምፅ ሁሉ ጠፍቷል ባይ ነበር። ማሲንቆን ወይም ክራርን ከኪቦርድ ጋር ለማስማማት የታገለ የኛ አገር ሙዚቀኛ ይህ ክርክር አይጠፋበትም። ፒያኖን ስለማቃጠሉ ግን ከአቭራሞቭ ጋር የሚስማማ ያለ አይመስለኝም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ከ1929 በኋላ የመጣው ነው። የመጀመሪያው የሶቪየት ድምፅ ያለው ፊልም እየተሠራ ሳለ አቭራሞቭ፣ ኢንጂነሩ ዬቭጌኒ ሾልፖና የሥዕል ፊልም ሠሪው ሚካኢል ጼሃኖቭስኪ በፊልሙ ጠርዝ ላይ የተቀረጸውን የድምፅ መስመር አዩት። ድምፁ እዚያ ላይ የሚታይ ነገር ነው፤ ጥርስ ጥርስ ያለው ወይም ሞገድ የሚመስል ጥቁርና ነጭ ቅርጽ። ብርሃን ያልፍበታል፣ ፎቶሴል ያነበዋል፣ ድምፅ ማጉያው ያሰማዋል። እንግዲያው ምን ማይክሮፎን ያስፈልጋል? ቅርጹን በእጅ ስሎ ፎቶ ማንሳት ነው። ማንም ያልዘፈነው፣ ማንም ያልመታው ድምፅ ከቀለምና ከወረቀት ተወለደ። አቭራሞቭ የጂኦሜትሪ ቅርጾችን ሣለ። ኒኮላይ ቮይኖቭ ወረቀት በመቀስ እየቆረጠ የድምፅ ማበጠሪያዎች ሠራ። ቦሪስ ያንኮቭስኪ የድምፅን ቀለም ራሱን ወደ ንጥረ ነገሩ ለመበተን ተነሣ። ሾልፖ ደግሞ «ቫሪዮፎን» ያለውን፣ ቅርጽ የተቆረጠባቸውን ክብ ገጾች እያሽከረከረ በፊልም ላይ ድምፅ የሚጽፍ መሣሪያ በሌኒንግራድ ሠራ። ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን እነዚህ ሰዎች የኮምፒውተርን ሥራ በመቀስና በካሜራ ይሠሩ ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም።

እንዴት አለቀ? በሚያዝያ 1932 የአርቲስት ማኅበራት ሁሉ በአዋጅ ፈርሰው በመንግሥት ማኅበራት ተተኩ። በጥር 28 ቀን 1936 የፓርቲው ጋዜጣ ፕራቭዳ የአቀናባሪውን የሾስታኮቪችን ኦፔራ የሚያብጠለጥል ስም የለሽ ጽሑፍ አወጣ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ፎርማሊዝም» (ለሕዝብ ሳይሆን ለቅርጽ መጨነቅ) የሚባለው ክስ በማንም አዲስ ድምፅ በሚፈልግ ሰው ራስ ላይ ተንጠለጠለ። በወረቀት ላይ የሚሣል ድምፅን የሚከለክል ሕግ ግን አልወጣም። ማውጣትም አላስፈለገም። በጀት የሚፈርመው፣ ፊልም የሚያድለው፣ ክፍል የሚሰጠው አንድ መንግሥት ብቻ ሲሆን፣ ለመግደል ዝም ማለት ይበቃዋል። የአቭራሞቭ የፊልም ክምችት መጨረሻው ይበልጥ ያሳዝናል። ቤተ ሙከራው ተዘግቶ ፊልሞቹ ቤቱ ተቀመጡ፤ የዚያ ዘመን ፊልም እንደ ባሩድ የሚነድ ነበርና ልጆቹ ሮኬትና ጭስ እየሠሩ ተጫውተውበት አለቀ። የሾልፖን ቫሪዮፎን ጦርነቱ በሌኒንግራድ አወደመው። እሱም በ1951 ሞተ። ስለነዚህ ሰዎች ዛሬ የምናውቀውን አብዛኛውን ያገኘነው አንድሬ ስሚርኖቭ የሚባል የሞስኮ ተመራማሪ ለዓመታት መዝገብ ቤትና የቤተሰብ ሣጥን ሲበረብር ኖሮ በ2013 ባሳተመው መጽሐፍ ነው።

ወደ ቴርሚን እንመለስ። በ1927 ወደ አውሮፓ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ኒውዮርክ ተላከ። አርሲኤ የተባለው ኩባንያ መሣሪያውን በብዛት ለመሸጥ ተነሥቶ 500 ያህል ሠራ፤ ገበያ ላይ የዋለው ግን የአክሲዮን ገበያው በተንኮታኮተበት በ1929 ነበር፣ መሣሪያውም ያለ ጥሩ ጆሮ የማይሞከር ሆነ። በ1931 ከአሜሪካዊው አቀናባሪ ከሄንሪ ካውል ጋር ምት የሚመታ ማሽን ሠራ፤ የዛሬዎቹ የከበሮ ማሽኖች አያት መሆኑ ነው። ላቪኒያ ዊልያምስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ዳንሰኛ አገባ። በዚህ ሁሉ መካከል ለሶቪየት የስለላ ድርጅት መረጃ ይሰበስብ ነበር።

በ1938 በድንገት ወደ አገሩ ተመለሰ። ባለቤቱና ወዳጆቹ ተጠልፎ ተወሰደ ብለው ለአሥርተ ዓመታት አመኑ። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው አልበርት ግሊንስኪ ያቀረበው ግን ሌላ ሥዕል ነው፤ የተከመረ ዕዳና ያልተከፈለ ግብር የነበረበት ሰው በገዛ ፈቃዱ ወደ መርከብ ወጣ። እኔም ይህኛው ያሳምነኛል፤ የጠለፋው ወሬ ለፊልም ይመቻል እንጂ ቴርሚን ራሱ በስተእርጅናው የተናገረው አይደግፈውም። ያም ሆነ ይህ በ1939 ታሰረ፣ 8 ዓመት ተፈረደበት፣ ወደ ኮሊማ የወርቅ ማዕድን ማጎሪያ ተጋዘ። ከዚያ ያወጣው ሙያው ነው። የአውሮፕላን ንድፍ ባለሙያው ቱፖሌቭ እስረኛ ሆኖ ወደሚሠራበት የእስረኞች ቤተ ሙከራ ተዛወረ።

በእስር ሳለ ከሠራቸው አንዱ ከሙዚቃ መሣሪያው እኩል ዝና አለው። በነሐሴ 4 ቀን 1945 የሶቪየት ሕፃናት ለአሜሪካው አምባሳደር ለአቬረል ሃሪማን የወዳጅነት ስጦታ ብለው በእንጨት የተቀረጸ የአሜሪካን ማኅተም ሰጡ። በውስጡ ባትሪም ሽቦም የሌለው ጆሮ ነበር። ከውጭ የራዲዮ ሞገድ ሲላክበት ነቅቶ በክፍሉ የሚነገረውን ይመልሳል፣ ሞገዱ ሲቋረጥ ተራ እንጨት ነው። እስከ 1952 ድረስ ማንም ሳያውቅበት በአምባሳደሩ የሥራ ክፍል ተሰቅሎ ኖረ። መንግሥት ለእስረኛው በ1947 የስታሊን ሽልማት ሰጠው። አየር ላይ ያለ ንዝረትን ወደ ድምፅ የመለወጥ ዕውቀቱ ያው የ1922ቱ ነው፤ ተመልካቹ ብቻ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ለደህንነት መሥሪያ ቤቱ ሠርቶ በ1960ዎቹ ወደ ሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ገባ፣ አዳዲስ መሣሪያዎችንም መሥራት ጀመረ። በ1967 የኒውዮርክ ታይምስ የሙዚቃ ሐያሲ አገኘውና ሞቷል የተባለው ሰው በሕይወት አለ ብሎ ጻፈ። ጽሑፉን የኮንሰርቫቶሪው ሹም አነበበው። ቴርሚን ተባረረ፣ መሣሪያዎቹም ተጣሉ። ሹሙ ኤሌክትሪክ ለሞት ፍርድ እንጂ ለሙዚቃ አይሆንም ማለቱን በኋላ ቴርሚን ራሱ ተርኳል።

ከጦርነቱ በኋላ የባሰ ጊዜ መጥቶ ነበር። በየካቲት 1948 ፓርቲው በርዕዮተ ዓለም ኃላፊው በዥዳኖቭ መሪነት ፎርማሊዝምን የሚያወግዝ ውሳኔ አሳለፈ፣ ቲኾን ኽሬኒኮቭ የአቀናባሪዎች ማኅበር ኃላፊ ሆነና እስከ 1991 ወንበሩን ሳይለቅ ኖረ። የሙዚቃ ሥራ በዚያ ማኅበር በኩል ካላለፈ አይታተምም፣ አይሰማም። በደርግ ዘመን ግጥሙን ይዞ ሳንሱር ቢሮ ደጅ የጠና አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም።

እንግዲህ በዚህ መሐል ዬቭጌኒ ሙርዚን የሚባል የጦር ኢንጂነር አለ። ሥራው የፀረ አውሮፕላን መድፍ መቆጣጠሪያ ነው፤ ፍቅሩ ደግሞ አቀናባሪው ስክሪያቢን። ከ1938 ጀምሮ አንድ ማሽን ያሰላስል ነበር፣ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ከመደበኛ ሥራው ውጭ ሠርቶ ጨረሰው። በስክሪያቢን ስም መጀመሪያ ፊደላት «ኤኤንኤስ» አለው። አሠራሩ የ1930ዎቹ የሥዕል ድምፅ ልጅ ነው። አምስት የመስታወት ክቦች ይሽከረከራሉ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ 144 የድምፅ መስመር ታትሟል፣ በድምሩ 720 ንጹሕ ድምፅ። አቀናባሪው የማይደርቅ ጥቁር ቅባት የተቀባ ሰፊ መስታወት ፊቱ ያስቀምጥና የፈለገውን ይፍቃል። የተፋቀው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል፣ ብርሃኑ ያለፈበት ድምፅ ይሰማል። ቀጭን አግድም መስመር ከፋቁ አንድ የተዘረጋ ድምፅ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ሰፊ ከፋቁ እንደ ንፋስ ያለ ጩኸት። ስምንትዮሹ በ12 ሳይሆን በ72 ተከፍሏል። አቭራሞቭ ፒያኖ ሳያቃጥል የፈለገውን አገኘ ማለት ነው፣ እሱ ግን በ1944 ሞቶ ነበር።

ልብ ልንለው የሚገባው ሙርዚን ለምን እንዳልተነካ ነው። አርቲስት አልነበረም። የጦር ኢንጂነር ነበር። የአቀናባሪዎች ማኅበር የማያዝዘው፣ የጦር ኢንዱስትሪው የሚያከብረው ሰው ነበር። ከአንድ መንግሥት ከአንዱ እጅ የተቀበለውን ክብር ከሌላው እጅ መሸሸጊያ አደረገው። ማሽኑም በሞስኮ የስክሪያቢን ሙዚየም ተተክሎ በ1960ዎቹ መገባደጃ በዚያው የሙከራ ስቱዲዮ ተከፈተ፤ የመንግሥቱ የሸክላ ኩባንያ ሜሎዲያም ጥላ ሆነው። አልፍሬድ ሽኒትኬ በ1969፣ ሶፊያ ጉባይዱሊና በ1970 በኤኤንኤስ ሠሩ፤ ኤዲሰን ዴኒሶቭም ነበረበት። የጉባይዱሊናና የዴኒሶቭ ስም በ1979 ኽሬኒኮቭ በይፋ ባወገዛቸው ሰባት አቀናባሪዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በአዳራሽ የማይፈቀድላቸው በዚያ ክፍል ይፈቀድላቸው ነበር፤ እዚያ የሚሠራው ሙከራ እንጂ ኮንሰርት አልነበረምና።

በማሽኑ ላይ ከሁሉ ብዙ የቆየው ኤድዋርድ አርቴሚዬቭ ነው። በ1960 ከኮንሰርቫቶሪ እንደወጣ ከሙርዚን ጋር ተገናኘ። የፊልም ዳይሬክተሩ አንድሬ ታርኮቭስኪ በ1972 ለወጣው «ሶላሪስ» አቀናባሪ ሳይሆን ድምፅ አደራጅ ፈልጎ ነበር፤ የባኽ ሙዚቃ ለምድር ናፍቆት፣ የኤኤንኤስ ድምፅ በፊልሙ ውስጥ ላለው ሕያው ውቅያኖስ ሆነ። የውቅያኖሱ ድምፅ ከምን እንደመጣ ለማወቅ ተመልካቹ ይቸገራል፤ ሙዚቃ ነው እንዳይል ዜማ የለውም፣ ጫጫታ ነው እንዳይል ልብ ይነካል። በፊልም ስም ያለፈው ያ ድምፅ በኮንሰርት ስም ቢቀርብ የሚያልፍ አይመስለኝም። የጠፈር ነገር ሲሆን ደግሞ ሳንሱሩም ይለሰልሳል፤ ከጋጋሪን አገር የሚወጣ የጠፈር ድምፅ እንግዳ ቢሆን ማን ይቃወማል? አርቴሚዬቭ ቀጥሎ «መስታወት»ንና «ስቶከር»ን ሠራ። በ1980 የሞስኮ ኦሎምፒክ ሲከፈት በስታዲየሙ የተሰማው ካንታታ የሱ ነበር። ስቱዲዮው ግን ሙርዚን በ1970 ከሞተ በኋላ ብዙ አልቆየም። ከእንግሊዝ በውጭ ምንዛሪ ትልቅ ሲንተሳይዘር ቢገዛለትም ስቱዲዮው በ1970ዎቹ አጋማሽ ፈረሰ። እንደገና አዋጅ የለም። ጠባቂው ሞተ፣ ክፍሉ ተፈለገ።

ለዘብ ያለውን ጎን በአጭሩ ላንሳ። ቪያቼስላቭ ሜሽቼሪን ከ1956 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ራዲዮ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ኦርኬስትራ ይመራ ነበር። ሕዝቡ ከየትኛውም ስቱዲዮ ሥራ በላይ የሰማው እሱን ነው። በራዲዮ፣ በልጆች የሥዕል ፊልም፣ በየመናፈሻው ድምፅ ማጉያ። ደስተኛ፣ ቀላል፣ ማንንም የማያስከፋ። ለኔ ይህ ሙዚቃ ስኳር ይበዛበታል፤ ሆኖም የአንድ ትውልድ ጆሮ ኤሌክትሮኒክ ድምፅን የለመደው በሱ ነው።

ከዚያ 1980ዎቹ መጡና ነገሩ መልክ ለወጠ። በ1980 የሪጋ ተማሪዎች ቡድን «ዞዲያክ» በ21 ዓመቱ ያኒስ ሉሴንስ መሪነት «ዲስኮ አሊያንስ» የተባለ በሲንተሳይዘር ላይ የተመሠረተ አልበም አወጣ። አሳታሚው ሜሎዲያ፣ ገዢው በሚሊዮን የሚቆጠር። ግጥም የለውም። ይህን ቀላል ነገር አድርገን አንለፈው። ሳንሱሩ የተዘጋጀው ቃል ሊያነብ ነው፤ ቃል የሌለው ዘፈን ሲቀርብለት ብዕሩን የሚያሳርፍበት መስመር ያጣል። በ1985 አንድሬ ሮዲዮኖቭና ቦሪስ ቲኾሚሮቭ «ፑልስ»ን ሲያወጡ ደግሞ የሸክላው ልባስ ለጅምናስቲክ የሚሆን ሙዚቃ መሆኑን ይናገር ነበር፤ ሜሎዲያ «ስፖርትና ሙዚቃ» የሚል ሙሉ ተከታታይ ነበረው። በሌላ አገር የጭፈራ ቤት ሙዚቃ የሚባለው እዚያ ጤና ጥበቃ ሆነ። አልሸሹም፣ ዞር አሉ።

በዚያው ዓመት፣ በጥር 1985፣ በዩክሬን የኒኮላዬቭ ክፍለ ሀገር የኮምሶሞል (የኮሚኒስት ወጣቶች ማኅበር) ጽሕፈት ቤት በዲስኮ ቤቶች እንዳይሰሙ የሚፈለጉ የውጭ ሙዚቀኞችን ዝርዝር በትኗል። ዴፔሽ ሞድ «ፐንክና ዓመፅ»፣ ዶና ሰመር «ወሲብ ቀስቃሽ»፣ ሁሊዮ ኢግሌሲያስ ደግሞ «ኒዮ ፋሺዝም» ተብለዋል። ዝርዝሩን ለዓለም ያስተዋወቀው አንትሮፖሎጂስቱ አሌክሴይ ዩርቻክ አንድ ብልህ ነጥብ ያነሣል፤ ያልተጠቀሰ ሁሉ የተፈቀደ ነው ብሎ ለማንበብ ዝርዝሩ ራሱ በር ይከፍት ነበር። ዲስኮ ቤቶቹንም የሚያስተዳድረው ያው ኮምሶሞል ነበር።

መሣሪያውስ? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። በኢንጂነር ብዛት ዓለምን በሚፎካከር አገር ወጣት ሙዚቀኛ ሲንተሳይዘር ማግኘት ሕልም ነበር። የጦር ፋብሪካዎች ከምርታቸው ጥቂቱን ለሕዝብ ፍጆታ እንዲያውሉ ይታዘዙ ስለነበር ብዙዎቹ የሶቪየት ሲንተሳይዘሮች የተወለዱት ከዚያ ነው። ዝነኛው «ፖሊቮክስ» ነው። በኡራል ተራሮች ባለችው ካችካናር ከተማ ከ1982 ጀምሮ ተመረተ። ውስጡን የነደፈው ቭላዲሚር ኩዝሚን ነው፤ መልኩን ያወጣችለት ባለቤቱ ኦሊምፒያዳ ከሠራዊቱ የመገናኛ ራዲዮ ቀድታ ነው፤ እውነትም ሲያዩት ታንክ ውስጥ የሚገጠም ይመስላል። ዋጋው 920 ሩብል፣ የአንድ ሠራተኛ የአምስት ወር ደሞዝ ገደማ። ድምፁ ሸካራ ነው፣ ይጮኻል፣ ሲፈልግ ያብዳል። የምዕራብ አምራቾች ይህን እንደ ጉድለት ባረሙት ነበር፤ ዛሬ ግን ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት በዚሁ ጸባዩ ነው።

በታኅሣሥ 14 ቀን 1991 በሞስኮው የኤግዚቢሽን ማዕከል፣ ሮኬቶች በተሰቀሉበት የኮስሞስ አዳራሽ፣ የሌኒንግራድ ወጣቶች «የጋጋሪን ፓርቲ» የሚል ትልቅ የቴክኖ ጭፈራ አዘጋጁ። ፈቃዱን የሰጠው የኪራይ ገንዘብ ነበር። ጎርባቾቭ ከ11 ቀን በኋላ ሥልጣን ለቀቀ። ቴርሚን በዚያው ዓመት፣ በ95ኛው ዓመት ዕድሜው ገደማ፣ የኮሚኒስት ፓርቲውን በአባልነት ተቀላቅሎ ነበር፤ ለሌኒን ቃል ገብቼ ነበር ይል ነበር። በ1993 ሞስኮ ውስጥ ሞተ።

ይህን ታሪክ በጆሮው መጀመር ለሚፈልግ አንባቢ መንገዱ አጭር ነው። «ሶላሪስ»ን በጥሩ ድምፅ ማጉያ ይስማ፣ ዞዲያክን ያስከትል፣ ከዚያ በሞስኮ የሙዚቃ ሙዚየም ያለውን ኤኤንኤስ ሲሠራ የሚያሳዩ ቅጂዎችን ይፈልግ። ማሽኑ ዛሬም ይጫወታል።